ያላወቁትን ጥያቄ ባዶ መተው ወይስ ማጥቆር? (እህቴ 14 ጥያቄ ባዶ ትታ መጣች)

የአስኮው — ሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ቤቶች። ቤታችንን ሁለት ቀን ሙሉ ያጨቃጨቀ ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ፤ ሂሳብ የምትችሉ ፍረዱን።

ታናሽ እህቴ 12ኛ ክፍል ናት፣ ናቹራል። ባለፈው ሳምንት የሂሳብ ሞዴል ፈተና ተፈትነው ነበር፤ 60 ጥያቄ፣ ሁሉም ባለ አራት ምርጫ። ወረቀቷ ሲመለስ ባየው 14 ጥያቄ ባዶ ነው። ሰዓት አልቆባት መስሎኝ "ምነው ፈዘዝሽ?" ብላት "ፈዝዤ አይደለም፤ መምህሩ ለተሳሳተ መልስ ሩብ ነጥብ እቀንሳለሁ ስላለ ያላወቅኩትን ተውኩት" አለችኝ። ከ14ቱ በስምንቱ ላይ ሁለት ሁለት ምርጫ ሰርዛ ሁለት ሁለት ቀርተዋት ነበር። ስድስቱን ግን ጭራሽ አታውቃቸውም።

እኔ የመለዋወጫ ሱቅ ነው ያለኝ፤ ከሂሳብ የቀረኝ መደመርና መቀነስ ነው። ግን ነገሩ አልጣመኝም። አባታችን ደግሞ "ያላወቀችውን አላውቅም ማለቷ ጨዋነት ነው" ብለው ከእሷ ጋር ወገኑ። ለዋናው ፈተና ምን ብዬ ልምከራት?

ሁሌም ሲ — ማታ 2:47

ብራዘር ይሄ ምን ውይይት ያስፈልገዋል? ያላወቅከው ሁሉ ሲ ነው። እኔ ማትሪክ ላይ ጸልዬ ያላወቅኩትን ከላይ እስከ ታች ሲ አጥቁሬ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሁት።

ቡና ያለ ስኳር — ማታ 2:51

በሲ ገብተህ በሲ ነው አይደል የተመረቅከው? 😂

ቁጥር ቆጣሪ — ማታ 3:20

ወንድም፣ እህትህ ተሳስታለች። መምህሩም አብሮ ተሳስቷል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ቅጣት የሌለበትን ፈተና እንይ። አራት ምርጫ አለ፣ ትክክሉ አንድ ነው። ምንም ሳታውቅ ብታጠቁር አንዳንዴ 1 ታገኛለች፣ ብዙ ጊዜ 0። እንዲህ ያለ ጥያቄ አራት ቢገጥማት ግን በአማካይ አንዱን ትመታለች። ስለዚህ አንዷ ጭፍን ግምት ሩብ ነጥብ ታወጣለች። "የሚጠበቅ ዋጋ" የሚባለው ይኸው ነው፤ የምታገኘውን በማግኘት ዕድልህ ታባዛለህ፣ የምታጣውን በማጣት ዕድልህ ታባዛለህ፣ ከዚያ ትቀንሳለህ። አንተ ሱቅህ ውስጥ በየቀኑ የምትሠራው ነው። ይሸጣል አይሸጥም የምትለውን ዕቃ ስታመጣ አንዱ ቢከስርብህ አስሩ ይከፍልሃል ብለህ አይደል?

የእህትህን እንቁጠረው። ሁለት ምርጫ የቀራት ስምንት ጥያቄ፦ 8 × 1/2 = 4። ጭራሽ ያላወቀችው ስድስት፦ 6 × 1/4 = 1.5። ቅጣት ባይኖር ኖሮ በአማካይ 5.5 ነጥብ ሜዳ ላይ በትና ወጥታለች ማለት ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደግሞ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም። እዚያ ባዶ መተው ጥቅሙ ለማን እንደሆነ እኔ አላውቅም።

ቡና ያለ ስኳር — ማታ 3:31

ልክ ነህ፤ ግን ልጅቷ የተፈተነችው ሩብ የሚቀነስበትን ነው። እዚያ ላይ ግምት ዜሮ ለዜሮ ይወጣል። አሜሪካኖቹ ቅጣቱን ያመጡት ለዚያ ነው፤ ገምተህ እንዳታተርፍ። ስለዚህ መምህሩ ልክ ነው፣ አባትየውም ልክ ናቸው፣ ክሩ ይዘጋ።

ቁጥር ቆጣሪ — ማታ 3:44

ቡናው፣ ቸኮልክ። አብረን እንሥራው። አራት ምርጫ፣ ስህተት ሩብ ይቀንሳል። ጭፍን ግምት፦ ሩብ ዕድል 1 ያመጣል፣ ሦስት ሩብ ዕድል ደግሞ 1/4 ያስቀንሳል። 1/4 − (3/4 × 1/4) = 4/16 − 3/16 = 1/16። ዜሮ አይደለም፤ ትንሽ ቢሆንም ትርፍ ነው። ሁለት ምርጫ ሲቀራት ደግሞ 1/2 − (1/2 × 1/4) = 3/8።

ስምንቱ 3 ነጥብ፣ ስድስቱ 0.375። ቅጣቱ እያለም በአማካይ 3.375 ነጥብ ጥላለች። ያስፈራት ቅጣት የማያስፈራ ቅጣት ነበር።

ቡና ያለ ስኳር — ማታ 3:52

😅 ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቼ ሠራሁት። ልክ ነህ። ታዲያ ያ "ዜሮ ይወጣል" የሚባለው ነገር ከየት መጣ?

የሜሪላንዷ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:05

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት፤ ሁለት ልጆቼን በዚህ በፈተና ጣጣ ውስጥ አሳልፌያለሁ፣ እኔ ልመልስልህ። የድሮው የአሜሪካ ሳት (የኮሌጅ መግቢያ ፈተናቸው) ባለ አምስት ምርጫ ነበር፣ ስህተት ደግሞ ሩብ ይቀንስ ነበር። ለአምስት ምርጫ ስሌቱ 1/5 − (4/5 × 1/4) = 0 ይመጣል። ዜሮው እሱ ነው። በመጋቢት 2016 እንደ ፈረንጆቹ ፈተናውን ሲያሻሽሉ ምርጫውን አራት አደረጉት፣ ቅጣቱንም አነሱት። የታላቁ ልጄ ጊዜ ቅጣት ነበረ፤ የታናሹ ጊዜ የለም። (እግረ መንገዴን፦ አገር ቤት 12ኛ ክፍል ላይ "ሳት" የምትሉት አፕቲትዩድ ሌላ ነው፤ ሰው ስሙን ሰምቶ የአሜሪካውን ሕግ ወደዚያ ይወስደዋል።)

መምህሩ ሩቡን ከዚያ ወስዶ ከሆነ አምስተኛውን ምርጫ መውሰድ ረስቷል። ለአራት ምርጫ ግምትን ዜሮ የሚያደርገው ቅጣት 1/3 ነው።

ግን ደግሞ "ሁሌም ገምት" የምትሉትም ተጠንቀቁ። ታናሹ ልጄ ኤኤምሲ የሚባለውን የሂሳብ ውድድር ይወስዳል። 25 ጥያቄ፣ አምስት ምርጫ፤ ትክክል 6 ነጥብ፣ ስህተት 0፣ ባዶ የተወ ደግሞ 1.5 ነጥብ ይሰጠዋል! ጭፍን ግምት 6 × 1/5 = 1.2 ነው፤ ባዶ መተው ይበልጣል። አንድ ምርጫ ከሰረዘ 6 × 1/4 = 1.5፣ እኩል። ሁለት ከሰረዘ 2 ነጥብ፣ ያጥቁር። ልጄ መጀመሪያ ሲወስድ እኔው ነኝ "ባዶ እንዳትተው" ብዬ የላክሁት። ውጤቱን ሳይ አፈርኩ፤ እሱም እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

የአስኮው — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:30

እህቴ ሆይ ገለታ ይግባሽ። ያ "ባዶ ይከፈላል" የሚለውን ለአባባ ስነግራቸው በጣም ነው ደስ ያላቸው፤ "አሜሪካም ጨዋነት ይከፈልበታል" አሉ።

ጡረተኛው መምህር — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:15

አባታችሁን ከልቤ አከብራለሁ፤ እኔም ለብዙ ዓመት እንደ እሳቸው አስብ ነበር። ኬሚስትሪ አስተምር በነበረበት ጊዜ እውነት ሐሰት ላይ "ከትክክሉ ስህተቱ ይቀነሳል" እል ነበር። ሐሳቤ ግምትን ማጥፋት ነበር። ያጠፋሁት ግን ግምትን አልነበረም።

ሁለት ተማሪ አስቡ፤ እኩል የሚያውቁ፣ እንደ እህታችሁ ፈተና ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ ላይ ሁለቱም ሁለት ምርጫ ላይ የቆሙ። አንዱ ደፋር ነው ያጠቁራል፣ አንዷ ፈሪ ናት ትተዋለች። እሱ በአማካይ በልጦ ይወጣል። ፈተናው የለካው ታዲያ ኬሚስትሪ ነው ወይስ ልብ? እኔ ክፍል ውስጥ ባዶ ይተዉ የነበሩት ከኋላ ተቀምጠው የሚንጫጩት አልነበሩም። እነሱ ሁሉንም አጥቁረው ቶሎ ይወጣሉ። ባዶ የሚተዉት ደብተራቸውን በጥንቃቄ የሚይዙት፣ ሙሉ በሙሉ ካላመኑበት እጃቸውን የማያወጡት ነበሩ፤ አብዛኞቹም ሴቶች። ይህን ስረዳ ቅጣቱን ተውኩት።

እና ደግሞ "አላውቅም" የሚለው ቃል አሳሳች ነው። ሁለት ምርጫ የሰረዘች ልጅ ግማሹን ታውቃለች። ባዶ ስትተው ያወቀችውን ግማሽ ነው የምትደብቀው።

አንድ የእጅ ሥራ ነገርም ልጨምር፤ ከስሌቱ ሁሉ ይበልጣል። በመልስ መስጫ ወረቀት ለምትፈተን ልጅ ባዶ የተተወ ረድፍ ወጥመድ ነው። 23ኛውን ትዘላለች፣ የ24ን መልስ 23 ላይ ታጠቁራለች፣ ከዚያ ወዲያ ሁሉም በአንድ ረድፍ ይንሸራተታል። ልታስተካክል ስትል ላጲሱ ወረቀቱን ያቆሽሸዋል፤ ሁለት ክብ ጠቁሮ ከቀረ ያ ጥያቄ ጠፋ። አንድ ጎበዝ ልጅ እያለቀሰ መጥቶብኝ ያውቃል፤ ደወል ሊደወል አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው ያየው። ስለዚህ ያላወቀችውንም ለጊዜው ታጥቁረው፣ ጥያቄው ወረቀት ላይ ምልክት ታድርግበት፣ ጊዜ ካላት ትመለስበት። በኮምፒውተር የሚፈተኑት ከዚህ ድነዋል።

ከሰል — ማክሰኞ፣ ማታ 1:10

ይቅርታ ግን ይህ ሁሉ ስሌት ለሰነፍ መደበቂያ ነው። አገሪቱ ቤቲንግ ቤት ሆነች፣ አሁን ደግሞ ፈተናውንም ቁማር አድርጉት። 2014 ላይ በ12ኛ ክፍል ፈተና ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ግምት የሚያሳልፍ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሁሉ ይወድቁ ነበር?

ቁጥር ቆጣሪ — ማክሰኞ፣ ማታ 1:38

ከሰል፣ ቁጥርህ ልክ ነው፤ የሚያስረዳው ግን የኔን ነው። ግምት ያሳልፋል ያለ የለም። 100 ጥያቄ ሙሉ በሙሉ በጭፍን ብታጠቁር አማካይህ 25 ነው፤ ወዲያ ወዲህ ቢል አራት አምስት ነጥብ ነው። 50 በጭፍን መግባት በሕይወትህ አታየውም። ሲ የሚለው ወዳጃችንም ያለፈው በሚያውቀው ነው፤ ሲዋ ሩቧን ብቻ ነው የሰጠችው፤ ቢ ቢልም ያው ነበር።

ቤቲንግን በተመለከተ ደግሞ ተቃራኒ ነው። እዚያ ቤቱ ዋጋውን ሲያወጣ አንተ በአማካይ እንድትከስር አድርጎ ነው። እዚህ ግን ቲኬቱ ነጻ ነው፣ ዕጣው ደግሞ ሩብ ነጥብ። ነጻ ቲኬት መቀደድ ቁማር አለመጫወት አይደለም።

ድጋሚ ተፈታኝ — ማክሰኞ፣ ማታ 3:02

እስካሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ። አማካይ አማካይ ትላላችሁ፤ እኔ መውጫ ፈተና ላይ አማካይ ምን ያደርግልኛል? 49 እና 12 እኩል ነው፤ ሁለቱም ወደቀ ነው። 50 እና 90 ደግሞ እኩል አለፈ ነው።

ተቀምጬ ሠርቼዋለሁ። 100 ጥያቄ፣ አራት ምርጫ፣ ቅጣት የለም። በእርግጥ የማውቀው 33 ከሆነና የቀሩትን 67 በጭፍን ካጠቆርኩ አማካዩ 50 አፋፍ ላይ ይደርሳል፤ ማለፌ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። 40 ካወቅኩ ግን 60ው ላይ በአማካይ 15 እመታለሁ፤ ለማለፍ የሚያስፈልገኝ 10 ነው። እዚያ የመውደቅ ዕድሌ ከመቶ አምስት ያህል ይሆናል። ሰባት ጥያቄ ተጨማሪ ማወቅ ሃምሳ ለሃምሳ የነበረውን ዕድል ወደ 95 ወሰደው! ይህን ካየሁ በኋላ ነው የማጥናት ፍላጎቴ የተመለሰው፤ ከሰል ይህን ስማ። ስሌቱ አላሰነፈኝም፤ የት ጋ መልፋት እንዳለብኝ ነገረኝ።

27 ላይ የቀረሁት — ረቡዕ፣ ሌሊት 6:20

የድጋሚ ተፈታኙ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፤ ምክንያቱም የኔ ታሪክ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቅር) ለቅጥር ፈተነን። 50 ጥያቄ፣ አራት ምርጫ፣ ስህተት ግማሽ ነጥብ ይቀንሳል፣ ማለፊያው 30። በእርግጠኝነት የሠራሁት 27 ነው። ስድስት ጥያቄ ላይ ሁለት ምርጫ ቀርቶኝ ነበር። ቅጣቱን ፈርቼ ሁሉንም ትቼ ወጣሁ። 27 መጣ። በትክክል 27! የቀነሰብኝ ነገር የለም፣ ወደቅኩ እንጂ።

ቆጣሪው፣ ብገምት ኖሮስ? በእውነት ንገረኝ፤ አልከፋም።

ቁጥር ቆጣሪ — ረቡዕ፣ ጠዋት 1:50

እሺ ወንድሜ፤ በእውነት።

በስድስቱ ላይ የእያንዳንዱ የሚጠበቅ ዋጋ 1/2 − (1/2 × 1/2) = 1/4 ነው። ስድስቱ 1.5። አማካይህ 28.5 ይሆን ነበር። አማካዩን ብቻ የሚያይ ሰው "ለማንኛውም 30 አይደርስም" ብሎ ይተወዋል። ስህተቱ እዚያ ነው። አንተን የሚያሳልፍህ ከስድስቱ አራት መምታት ነው፤ አራት ትክክል ሁለት ስህተት፣ 4 − 1 = 3፣ ሲደመር 30። ስድስት ሳንቲም ወርውረህ አራትና ከዚያ በላይ አንበሳ የመውጣት ዕድሉ ከ64 ውስጥ 22 ነው። ከመቶ 34 ያህል።

በስድስቱ ፋንታ ምንም የማታውቃቸውን 12 በጭፍን ብትሞክርስ? ከ12ቱ ስድስት መምታት አለብህ፤ የሚጠበቀው ዋጋ ኪሳራ ነው፣ የማለፍ ዕድሉ ግን ከመቶ አምስት ገደማ። ባዶ ስትተው ስንት ነው? ዜሮ። መስመር ያለበት ፈተና ላይ ከመስመሩ በታች ያለ ሰው በአማካይ የሚያከስረውንም ግምት መግዛት አለበት፤ ከመስመሩ በላይ በሰፊው ያለ ሰው ደግሞ በአማካይ የሚያተርፈውንም ሊተወው ይችላል። 31 በእርግጥ ሠርተህ ቢሆን ኖሮ ስድስቱን ብትተው ልክ ነበርክ።

27 ላይ የቀረሁት — ረቡዕ፣ ጠዋት 2:05

34። እሺ። አመሰግናለሁ።

ናታንያ — ረቡዕ፣ ጠዋት 4:40

ከእስራኤል ነኝ፤ አጭር ነገር። እዚህ ለዩኒቨርሲቲ ፕሲኮሜትሪ እንፈተናለን፤ አራት ምርጫ፣ ቅጣት የለም። የኛ ልጆች ግን፣ በተለይ ቤተሰባቸው ቤት ውስጥ አማርኛ የሚያወራ፣ ሰዓት ሲያልቅ እርሳስ ያስቀምጣሉ። ለእህቴ ልጅ ያልኳት ይህን ብቻ ነው፦ የመጨረሻዋ ደቂቃ የማንበቢያ አይደለችም፣ የማጥቆሪያ ናት።

የሜሪላንዷ — ረቡዕ፣ ከሰዓት 9:15

አንድ ጥያቄ ለጡረተኛው መምህር፦ "የመጀመሪያውን ምርጫህን አትቀይር" የሚባለውስ እውነት ነው? ልጄ ሰርዞ ቀይሮ ሲሳሳት ያብዳል።

ጡረተኛው መምህር — ረቡዕ፣ ማታ 12:50

እህቴ፣ ይህ ነገር ብዙ ተጠንቷል፤ መልስ ከሚቀይሩት መካከል የሚበዛው ከስህተት ወደ ትክክል ነው የሚሄደው። ግን ቀይሮ የተሳሳተው ያንገበግበዋል፣ ሳይቀይር የተሳሳተውን ይረሳዋል። ምክንያት አግኝቶ ከቀየረ ይቀይር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ።

የአስኮው — ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ 10:30

ቤቶች፣ ስልኩን እህቴ ይዛዋለች፤ ራሷ ትጻፍ።

ሰላም። 14 ጥያቄ የተወችው እኔ ነኝ፤ ሁላችሁንም አንብቤያችኋለሁ። ሐሙስ የፊዚክስ ሞዴል ነበረን። ምንም ባዶ አልተውኩም። መምህር እንዳሉት የገመትኩት ላይ ሁሉ ጥያቄው ወረቀት ላይ ነጥብ አደረግኩ። ጭፍን አምስት ነበሩ፣ ሁለት መታሁ። ሁለት ምርጫ የቀረኝ 11 ነበሩ፣ አራት ብቻ ነው የመታሁት። ግማሹ ይመታል ያልከው ሰውዬ የት ነህ? 😒

ቁጥር ቆጣሪ — እሑድ፣ 11:05

እዚሁ ነኝ እህቴ፤ አልሸሸሁም። 11 ሳንቲም ስትወረውሪ አራትና ከዚያ በታች መውጣት ከመቶ 27 ጊዜ የሚያጋጥም ነው፤ ስለዚህ ዕድልሽ ትንሽ ጠመም ብሎ ይሆናል። በሁለቱም ወገን ያገኘሽው ስድስት ነጥብ ግን ድሮ ባዶ የምትተዪው ነው።

ሌላም ሊሆን የሚችል ነገር አለ። ግማሽ ያልነው የሰረዝሻቸው ሁለቱ በእውነት ስህተት ከሆኑ ነው። የተሳሳትሽባቸውን ሰባቱን አውጪና እዪ፤ ትክክለኛው መልስ ከሰረዝሻቸው ውስጥ የነበረበት አለ?

የአስኮው — እሑድ፣ ማታ 1:25

(እህቱ ነኝ) ሦስቱ ላይ አለ። ራሴ ነኝ የሰረዝኩት። ስለዚህ በትክክል የሰረዝኩባቸው ስምንት ናቸው፣ ከእነሱ አራት። ግማሽ። 😶

ሦስቱም ደግሞ የቬክተር ጥያቄ ናቸው። "ይሄማ አይሆንም" ብዬ ሳልጠራጠር ነው የሰረዝኳቸው። ስልኩን ለወንድሜ መልሻለሁ፤ ወደ ቬክተር ልሂድ።